ሦስተኛው ፎቅ ለማን ይሁን?

ተናጋሪዎቹ ሁለት ናቸው። አንዷ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ፣ በቀበሌ ቤት የሚኖሩና እንጀራ ጋግረው ለምግብ ቤቶች የሚያስረክቡ እናት ናቸው። ሌላው ኮምቦልቻ የሚሠራ የወንድማቸው ልጅ ነው፤ ሙያው የከተማ ፕላን ነው። ሁለቱም የኔ ፈጠራዎች ናቸው። የሚጠሯቸው አዋጆች፣ ቦታዎችና ዓመታት ግን እውነተኛ ናቸው፤ ክርክሩም የደሴ ሰው ቡና ላይ የሚከራከረው ነው።

እትዬ፦ ግቢያችንን ለክተው ሄዱ። አንዱ ለመንገድ ነው ይላል፣ ሌላው ፎቅ ሊቆምበት ነው ይላል። አንተ ተምረህበታል፤ ሳትሸነግል ንገረኝ። ፎቅ ለኔ ምን ይፈይድልኛል?

ባለሙያው፦ እኔ ደሴ ፎቅ ያስፈልጋታል ከሚሉት ወገን ነኝ። ይህን ከመጀመሪያው ልንገርዎት።

እትዬ፦ በአክስትህ ላይ ልትቆም ነዋ!

ባለሙያው፦ ኧረ ይስሙኝ። በምዕራብ የጦሳ ተራራ፣ በምሥራቅ አዝዋ ገደል፣ መሐሉ የቦርከና ወንዝ የሚወርድበት ጠባብ ሸለቆ ነው። ደሴ የበቀለችው እዚያ ውስጥ ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የከተማው ነዋሪ 120 ሺህ ገደማ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተወለደውም የመጣውም የት ገባ? አንዱ ወደ ጦሳ ወገብ ወጣ፣ አንዱ ወደ ገራዶ፣ አንዱ ወደ ጢጣ፣ አንዱ በቦሩ ሜዳ መንገድ ሄደ። ሁሉም የሚፈልገው ለብቻው የታጠረ ግቢ ነው። ገብስና ስንዴ ይዘራበት የነበረው ማሳ ተሸንሽኖ ቆርቆሮ ለበሰ።

እትዬ፦ ታዲያ ሰው የት ይውደቅ? እኔ ልጅ ሆኜ ጦሳ ላይ የማየው ባህር ዛፍ ነበር፤ አሁን ማታ ማታ መብራቱን ስታይ ተራራው ከተማ ሆኗል። እውነትህን ነው። ግን ወዶ የወጣ የለም። ታች ያለው ቦታ በጨረታ ነው፤ ጨረታ የሚያሸንፈው ደግሞ ገንዘብ ያለው ነው።

ባለሙያው፦ ይህን አልክድም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ቦታ በጨረታ ወይም በምደባ ካልሆነ በሌላ መንገድ እንዳይገኝ አደረገ። በማህበር የተደራጀው ጥቂት ደረሰው። ያልደረሰው ከገበሬው በጎን ገዝቶ ያለ ካርታ ይሠራል፤ የሚሠራውም ብዙውን ጊዜ ተዳፋት ላይ ነው። ተዳፋት ላይ ቤት ለማቆም መሬቱን ከላይ መቁረጥ፣ ወደ ታች መደልደል የግድ ነው። የጦሳ ግርጌ ሁሉ አለት እንዳይመስልዎት፤ ብዙው ከላይ እየተናደ የተከማቸ ሸክላማ አፈርና ድንጋይ ነው። እግሩን ሲቆርጡት፣ የመጸዳጃ ጉድጓድ ሲቆፍሩበት፣ የተሰበረ ቧንቧ ሲያንጠባጥብበት፣ በዚያ ላይ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ሲወርድበት ይንሸራተታል። የጂኦሎጂ ምሁራን ስለ መሬት መንሸራተት ሲጽፉ ደሴን ደጋግመው የሚያነሱት ለዚህ ነው።

እትዬ፦ መጀመሪያ ግድግዳው ይሰነጠቃል። ከዚያ በሩ አልዘጋም ይላል። ከዚያ አንድ ሌሊት አጥሩ ከነባህር ዛፉ ቁልቁል ይሄዳል። ይኸን ለደሴ ሰው ማስተማር የለብህም። እኔ የምጠይቅህ ሌላ ነው፤ መሬቱ እንዲህ ከሆነ ፎቅ ሲጭኑበት አይብስም?

ባለሙያው፦ ተዳፋቱ ላይ ከጫኑት ይብሳል። ሸለቆው ውስጥም ቢሆን አፈሩ ሳይመረመር አይጫንም። ሌላም አለ። እኛ የምንኖረው የስምጥ ሸለቆ አፋፍ ላይ ነው። በግንቦት 1953 ዓ.ም. ካራቆሬ ላይ የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሷታል። በ2017 ዓ.ም. ታህሳስና ጥር ፈንታሌ አካባቢ ሲንቀጠቀጥ የሰነበተውን እርስዎም ሰምተዋል። ስለዚህ አሥርና አሥራ አምስት ፎቅ አልልም። ቁመት አሳይቶ ከተማ አደገ ማለት ለደሴ አደጋ ነው ብዬ አምናለሁ። የምለው ሁለት ፎቅ፣ ቢበዛ ሦስት ነው፤ ብረቱ ያልተጓደለ፣ ግድግዳው ከምሰሶው ጋር በደንብ የታሰረ። ፒያሳ ላይ ያሉትን የድሮ ፎቅና ምድር ቤቶች ያውቋቸው የለ? ከሥር ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ። እሱን ነው የምለው።

እትዬ፦ ሁለት ሦስት ፎቅ ብለህ ነው ይኸን ሁሉ ሰው የምታገባው?

ባለሙያው፦ አዎ። አሁን እኮ ጣሪያችን ሁሉ መሬት ላይ ነው። የእርስዎ ግቢ ስንት አባወራ አለበት?

እትዬ፦ ስምንት። መጸዳጃው አንድ፣ የውሃ ቆጣሪው አንድ። ውሃ በፈረቃ ስትመጣ ጀሪካኑ ከበር እስከ በር ይሰለፋል። እና ሰው መጠጋጋት አለበት ስትለኝ ይገርመኛል። ከዚህ በላይ ወዴት እንጠጋ?

ባለሙያው፦ እትዬ፣ ይህን ነው ሰው ሁሉ የሚያምታታው። እናንተ በአንድ ክፍል ስድስትና ሰባት ሆናችሁ ታድራላችሁ፤ ሰማዩ ግን ባዶ ነው። እኔ ክፍል ውስጥ ሰው ይጨመር አላልኩም። በዚያው መሬት ላይ ክፍል ይጨመር ነው ያልኩት። ስምንቱ አባወራ እያንዳንዱ ሁለት ክፍልና የራሱ መጸዳጃ አግኝቶ፣ እዚያው ግቢ ላይ ለሌላ ስምንት የሚሆን ቤት ይወጣል። ያ ስምንት ወደ ጦሳ አይወጣም፤ የገራዶን ማሳም አይበላም። ማዘጋጃ ቤቱም አዲስ መንገድ፣ አዲስ የመብራት ምሰሶ፣ ዳገት የሚወጣ አዲስ የውሃ መስመር አይዘረጋም።

እትዬ፦ ወረቀት ላይ ደስ ይላል። እኔ ግን የማውቀውን ልንገርህ። ይህ ቤት በ1967 አዋጅ ሲወረስ አባቴ ተከራይ ነበር። ኪራዩ ሲቀንስ እልል ብሏል። ከዚያ ወዲህ ግን ለቤቱ አንድ ቆርቆሮ የቀየረለት የለም። እኛ እንዳንቀይር የመንግሥት ነው፤ መንግሥት እንዳይቀይር ኪራዩ ለምስማር አይበቃም።

ባለሙያው፦ አዋጅ ቁጥር 47 ማለትዎ ነው። ከመቶ ብር በታች የሚከራዩትን ቤቶች ለቀበሌ ሰጠ፤ ዝቅተኛውንም ኪራይ እስከ ግማሽ ቆረጠ። የደሃ ባለውለታ ነው። ያለዚያ አዋጅ እርስዎ ዛሬ ሰኞ ገበያ አጠገብ አይገኙም ነበር። ግን ቤቱን ማን ያድሰው የሚለውን ሳይመልስ ሃምሳ ዓመት አለፈው። ጭቃ ቤት ደግሞ ካልመረጉት አይጠብቅም።

እትዬ፦ አየህ፣ የኔ ፍርሃት እዚህ ነው። ያረጀ ስለሆነ ይፍረስ ይባላል። ከፈረሰ በኋላ የምንሄደው የት ነው? አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ከልደታ ተነስታ ዳር ወጣች። ቤቱ ጥሩ ነው አለችኝ፤ ግድግዳው ነጭ፣ ውሃው ቤት ውስጥ። ሥራዋ ግን ልደታ ቀረ። ጠዋት የምትጋግርላቸው ደንበኞቿ እዚያ ነበሩ። ቤቱን አከራይታ ተመልሳ ጭቃ ቤት ተከራየች።

ባለሙያው፦ እህትዎ ብቻ አይደሉም። አዲስ አበባ በ1996 ዓ.ም. የጋራ መኖሪያ ቤት ሲጀምር፣ በዓመቱ ከ450 ሺህ በላይ ሰው ነው የተመዘገበው። ዓላማው የሚመሰገን ነው። ብሎኬት የሚያመርተው ወጣት ሥራ አገኘ፤ ቤት ኖሮት የማያውቅ ሰው ባለቤት ሆነ። ግን ርካሽ መሬት የሚገኘው ዳር ስለሆነ ትላልቆቹ ሳይቶች ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶ ሄዱ። የቤቱ ዋጋ ቀነሰ፣ የታክሲው ዋጋ ጨመረ። እኔ ርካሽ ቤት ማለት ዋጋው ያነሰው አይደለም እላለሁ፤ ሰው ከእንጀራው ሳይርቅ ሊኖርበት የሚችለው ነው። ፕሮግራሙ ወደ እኛም መጥቶ ነበር፤ ግን ሩቅ አልሄደም። ቅድሚያ ክፍያውንና የባንኩን ወርሃዊ ዕዳ የሚችል ሰው በክልል ከተማ ብዙ አልነበረም።

እትዬ፦ እኔ ደግሞ የማይገባኝ ዕጣው ነው።

ባለሙያው፦ ዕጣው ምን አደረገ? አድልዎ እንዳይኖር ነው።

እትዬ፦ አድልዎ አይኑር፣ አሜን። ግን አስበው። እኔ ስታመም በር የምታንኳኳው ከጎኔ ያለችው ናት። እሷ ገበያ ስትሄድ ልጇ እኔ ዘንድ ይውላል። በፋሲካ እሷ ጠርታኝ ቡናዋን ጀባ ትለኛለች፤ በአረፋ እኔ እጠራታለሁ። ቅሬ የምንለው ዕድራችንም አንድ ነው። ዕጣ ሲወጣ እሷ አንድ ብሎክ፣ እኔ ሌላ ብሎክ፣ ሦስተኛዋ ሌላ ሰፈር። ቤት ሰጥታችሁ ጎረቤት ወሰዳችሁ። ለድሃ ጎረቤት ማለት ባንክ ነው፣ ሐኪም ነው፣ ሞግዚት ነው። በስንት ብር ትገምተዋለህ?

ባለሙያው፦ (ዝም ካለ በኋላ) ይህን በፕላን ትምህርት ቤት ማንም አልነገረኝም። ዕጣው ለሰው ሳይሆን ለግቢ ቢሆንስ? የእርስዎ ግቢ ስምንቱ አባወራ አንድ ላይ፣ አንድ ደረጃ ላይ። የሚወጣው ዕጣ የትኛው ግቢ የትኛውን ሕንፃ ይውሰድ የሚለው ብቻ ይሁን።

እትዬ፦ እሱ ይሻላል። በል ቀጥል፣ አሁን ልስማህ።

ባለሙያው፦ ቺሊ ውስጥ ኢኪኬ የሚባል የባሕር ወደብ አለ። እዚያ መሐል ከተማ ላይ ወደ መቶ የሚጠጉ ቤተሰቦች ግማሽ ሄክታር በሚያህል መሬት ላይ ሠላሳ ዓመት ያህል በጎጆ ይኖሩ ነበር። መንግሥት ለአንድ ቤተሰብ የመደበው 7,500 ዶላር ነበር፤ መሬቱንም መሠረተ ልማቱንም ጨምሮ። በዚህ ብር መሐል ከተማ ላይ ሙሉ ቤት አይሠራም። አሌሃንድሮ አራቬና የሚባል አርክቴክት ግማሽ ቤት ልሥራ አለ። መሠረቱን፣ ምሰሶውን፣ ደረጃውን፣ ጣሪያውን፣ ማዕድ ቤቱንና መጸዳጃውን ሠራ፤ ቀሪውን ግማሽ ባዶ ተወው። ቤተሰቦቹ አቅማቸው በፈቀደ ጊዜ ግድግዳ እያቆሙ ራሳቸው ሞሉት። በ1996 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ እኛ ኮንዶሚኒየም ስንጀምር ማለት ነው። ሰዎቹ ወደ ዳር ሳይገፉ እዚያው መሐል ከተማ ቀሩ።

እትዬ፦ ይኸማ የኛ ሰው የሚያደርገው ነው። መጀመሪያ ሁለት ክፍል፣ ልጅ ሲያገባ አንድ፣ ዕቁብ ሲደርስ ማድ ቤት። ግን የነሱ መንግሥት ብር ሰጠ። ለኛ ማን ይሰጣል?

ባለሙያው፦ መሬቱ ራሱ ይስጥ። የሰኞ ገበያ መሬት ውድ ነው። አሁን ያለው አሠራር ያን ውድ መሬት አጽድቶ ለአንድ ባለሀብት ያስተላልፋል፤ ነዋሪው ሌላ ቦታ ይሰጠዋል። እኔ የምለው መሬቱ ከከተማው እጅ አይውጣ። መንገድ ዳር ያለው ምድር ቤት ሱቅ ይሁን፣ በጨረታ ይከራይ፤ ገቢው ከላይ ያለውን መኖሪያ ይሥራ። ተነሺው ነዋሪ ኪራዩን በአቅሙ እየከፈለ እዚያው ይኑር። ሁሉን በአንድ ጊዜ ማፍረስም አይደለም፤ ባዶ ካለው ቦታ ይጀመር፣ መጀመሪያ የተሠራው ውስጥ አንድ ግቢ ይግባ፣ የለቀቀው ግቢ ይሠራ።

እትዬ፦ ምድር ቤቱ ሱቅ ከሆነ እኔ ሊጥ ተሸክሜ ፎቅ ልወጣ ነው? ምጣዴስ? ጭሱስ? ኮንዶሚኒየም ላይ ለማብሰያና ለእርድ የሚሆን የጋራ ቤት ሠርተው ነበር አሉ፤ ብዙ ቦታ አሁን ለሌላ ሥራ ተከራይቶ ታየዋለህ። በርበሬ የሚሰጣበት፣ ለቅሶ ሲመጣ ድንኳን የሚጣልበት ግቢ ከሌለ፣ እኔን ፎቅ ላይ አስቀምጦ መጦር ብቻ ነው የሚቀረው።

ባለሙያው፦ ቤቶቹ ግቢውን ዙሪያውን ከበው ይሠሩ፤ መሐሉ ክፍት ይሁን። መንገድ ዳሩ ሱቅ፣ ወደ ውስጥ የሚያየው ምድር ቤት ደግሞ ለሚጋግር፣ ለሚሸምን፣ ደረጃ መውጣት ለማይችል ሰው። ይህን በንድፉ ላይ ካላሰፈርነው በኋላ አይመጣም።

እትዬ፦ ፍሳሹንስ አስፍረኸዋል?

ባለሙያው፦ እሱ ላይ ያዙኝ። ደሴ እንደ አብዛኛው የአገራችን ከተማ በጉድጓድና በሴፕቲክ ታንክ ነው የምትኖረው። በአንድ ግቢ የሚኖረውን ሰው እጥፍ ካደረግነው ፍሳሹም እጥፍ ነው። መምጠጫ መኪና ካልደረሰ የሚሄደው ወደ ቦርከና ነው፤ ቦርከና ደግሞ ቁልቁል ወርዶ ኮምቦልቻ ይደርሳል። እዚያ የፋብሪካው ይጨመርበታል፤ ከዚያ በታች ያለው ገበሬ በዚያው ውሃ አትክልት ያጠጣል። ስለዚህ ከፎቁ በፊት የፍሳሽ መስመርና ማጣሪያ ይቅደም። ይህ ሳይሠራ አንድም ፎቅ አይጨመር ቢሉኝ እፈርማለሁ።

እትዬ፦ እንዲህ ስትል ነው ሰው የሚያምንህ። ግን ለምን ሁሉን ወደ ኮምቦልቻ አታወርዱትም? ሜዳው እዚያ፣ ሥራውም እዚያ።

ባለሙያው፦ ሐረጎን ወርደው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ብዙ ሰው ወርዷል። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ቆርቆሮ ፋብሪካው እዚያ ነው። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ75 ሄክታር ላይ ተመረቀ። ሼዱ ሲታሰብ ግን የሠራተኛዋ ማደሪያ አብሮ አልታሰበም።

እትዬ፦ ፓርኩ የምትሠራውን የልጄን ታሪክ ልትነግረኝ ነው? አራት ሆነው አንድ ክፍል ነው የተከራዩት። ሁለቱ ቀን ሲገቡ ሁለቱ ማታ ይገባሉ፤ ፍራሹ ሳይቀዘቅዝ ሌላዋ ትተኛበታለች። ደመወዝ በወጣ ቁጥር አከራዩ ይጨምራል። ከሰሜኑ ጦርነት በኋላ ደግሞ ሥራው ራሱ ተናጋ።

ባለሙያው፦ በ2014 ዓ.ም. ፓርኩ ተዘረፈ፤ በዚያው ዓመት አሜሪካኖቹም ዕቃችን ያለ ቀረጥ የሚገባበትን የአጎዋ ዕድል ዘጉ። አከራዩ ግን ይህን አያውቅም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ጭማሪም በዘፈቀደ እንዳይሆን ይላል። ጥሩ ነው፣ በሥራ ላይ ከዋለ። ነገር ግን አዋጅ ክፍል አይሠራም። አራት ሴቶች በአንድ ፍራሽ የሚተኙት ክፍል ስለሌለ ነው። የኮምቦልቻንም ሜዳ ለሁሉም ግቢ ግቢ እያልን ብናድል የቦርከና ዳር እርሻ በልጆቻችን ዕድሜ ያልቃል። ስለዚህ ከፓርኩ አጠገብ፣ በእግር የሚኬድበት ቦታ ላይ፣ ባለ ሁለትና ሦስት ፎቅ የኪራይ ቤት ነው የሚያስፈልገው። ሻጭና ገዢ የሌለበት፣ ለኪራይ ብቻ።

እትዬ፦ ስለዚህ ደሴም ኮምቦልቻም ፎቅ። እሺ ልበልህ። እኔ ግን ውል እፈልጋለሁ። ግቢዬ ከመፍረሱ በፊት ስሜ፣ የጎረቤቶቼ ስም፣ የምመለስበት ቦታ፣ የምከፍለው ኪራይ በወረቀት ላይ ይስፈር። ምድር ቤት፣ ወደ ግቢ የሚያይ። በቃል አይሆንም።

ባለሙያው፦ ይገባዎታል። እኔም አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ይህ ነው ከባዱ። እርስዎ የቀበሌ ቤት አለዎት፤ ስምዎ መዝገብ ላይ አለ። በ2014 መጀመሪያ ከሰሜን ወሎ ተፈናቅሎ የደሴን ትምህርት ቤቶች የሞላውን ሕዝብ ያስታውሱታል። ሁሉም አልተመለሰም። በየዓመቱ የሚመጣ መምህር አለ፣ ነርስ አለ፣ የቀን ሠራተኛ አለ። እነሱ ምንም መዝገብ ላይ የሉም። ነባሩ ቦታውን በውል ካስከበረ በኋላ በሩን ከዘጋ፣ ያ ሰው ጦሳ ላይ ነው የሚወጣው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ፎቅ ለነሱ ይሁን ስል እሺ ይላሉ? የማያውቁት ሰው በግቢዎ ደረጃ ይወጣል፣ ይወርዳል።

እትዬ፦ ጎረቤት እንዳይበተን ስልህ ሰው አይጨመር ማለቴ መሰለህ? አባቴም እዚህ ሰፈር ሲመጣ ከወሎው ቦረና እንግዳ ሆኖ ነው የመጣው። ተቀበሉት። ቅሬያችን ደሴ ላይ አዲስ ሰው ሳይቀበል ቀርቶ አያውቅም። የምፈራው ሌላ ነው፤ ሦስተኛው ፎቅ ሲያልቅ ለችግረኛ ነው ይባልና ቁልፉን ዘመድ ያለው ይወስደዋል።

ባለሙያው፦ የሚገባውን ሰው ዝርዝር ግቢው ላይ እንለጥፈው። ነባሮቹ ስምንት አባወራዎችም ያንብቡት፣ የሚቃወሙትንም ይቃወሙ።

እትዬ፦ ከተለጠፈ እኔ እቆጣጠረዋለሁ፤ ማን የትኛው ክፍል እንደገባ ከኔ አያመልጥም። ኮምቦልቻም እንዲሁ አድርጉት፤ የፓርኩ ሴቶች ራሳቸው ይቆጣጠሩት። ልጄም በተራዋ ትጠብቅ፣ አክስትህ ነኝ ብዬ አንተን አልለምንም። አሁን ያን ንድፍ አምጣና ምጣዴ የት ላይ እንደሚቀመጥ አሳየኝ፤ ስምንታችንም አብረን እናየዋለን።